አንቶኒ ጋውዲ፤ ፍጻሜውን ሳያይ የሠራ መሐንዲስ

በእስጳንያ አገር፣ በሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር፣ ባርሴሎና የምትባል ታላቅ ከተማ አለች። ወደዚህች ከተማ ከሩቅም ከቅርብም ብዙ ሰው ይሄዳል፤ ከሚሄዱትም ብዙዎቹ አንድ ሰው የሠራቸውን ሕንጻዎች ለማየት ይደክማሉ። ይህም ሰው አንቶኒ ጋውዲ ይባላል። ሕንጻዎቹን በተሠሩበት ተራ እየተዘዋወረ የሚመለከት ሰው ድንጋዩንና ሸክላውን ብቻ አያይም፤ የሠሪው ልብ ከዓመት ወደ ዓመት እንዴት እንደ ተለወጠም ያያል። ስለዚህ እኛም የሕይወቱን ታሪክ በዚሁ መንገድ እየሄድን እንናገራለን። በዚህ ጽሑፍ ያለው የዓመት ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ጋውዲ በ1852 ዓ.ም. በካታሎኒያ ግዛት በሬኡስ ከተማ አካባቢ ተወለደ። አባቱ መዳብ እየቀጠቀጠ ጎላና ልዩ ልዩ ዕቃ የሚሠራ የእጅ ሥራ ሰው ነበረ። ልጁም በአባቱ ዘንድ ተቀምጦ ጠፍጣፋው መዳብ በመዶሻ ሲመታ ጥቂት በጥቂት እየጎበጠ ሆድ ያለው ዕቃ ሲሆን ይመለከት ነበረ። በሕፃንነቱ የቍርጥማት በሽታ ስለ ያዘው እንደ ባልንጀሮቹ መሮጥና መጫወት አልቻለም። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ለብቻው ተቀምጦ ግንድ ቅርንጫፉን እንዴት እንደሚሸከም፣ ቀንድ አውጣም ቤቱን እንዴት ጠምዝዞ እንደሚሠራ ይመረምር ነበረ። ሰው ሁሉ ጕዳት የሚለው ሕመም ለርሱ ትምህርት ቤት ሆነለት።

በ1868 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ባርሴሎና መጣ። ቤተ ሰቡ ባለጠጋ ስላልነበረ ለሌሎች መሐንዲሶች የሕንጻ ሥዕል እየሠራ ይማር ነበረ፤ በ1878 ዓ.ም. ትምህርቱን ፈጽሞ የመሐንዲስነት ማዕርግ ተቀበለ። በዚያን ዘመን ከተማይቱ የቀድሞ ቅጥሯን አፍርሳ ወደ ሜዳው ትሰፋ ነበረችና ለመሐንዲስ ሥራ ሞልቶ ነበረ። ወጣቱ ጋውዲም ልብሱን አሳምሮ የሚለብስ፣ ጢሙን አስተካክሎ የሚሄድ፣ በሰው ዘንድ መከበርን የሚወድ ሰው ነበረ።

ጕብኝታችንን በንጉሥ አደባባይ እንዠምር። በዚያ ባለ ስድስት ክንድ የብረት ፋኖሶች ቆመዋል፤ እነዚህን ጋውዲ በከተማው ሹማምንት ትእዛዝ ሠርቷቸው በ1879 ዓ.ም. በሩ። ከዚያ ወደ ግራሲያ ሰፈር ሲወጡ የቪሰንስ ቤት ይገኛል፤ የተሠራውም ከ1883 እስከ 1885 ዓ.ም. ነው። ጋውዲ ቦታውን አስቀድሞ ለማየት በሄደ ጊዜ ቢጫ አበባና ዘንባባ በቅሎበት አገኘ። ቤት ሲሠራ የበቀለው መነቀሉ ግድ ነው፤ እርሱ ግን አበባውን በግድግዳው ሸክላ ላይ፣ የዘንባባውንም ቅጠል በብረቱ አጥር ላይ አድርጎ ወደ ቦታቸው መለሳቸው።

በ1878 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ጋውዲ ለአንድ የእጅ ጓንት ነጋዴ የዕቃ ማሳያ የመስተዋት ሣጥን ሠርቶ ነበረ። ኤውሴቢ ጉዌል የሚባል የጨርቅ ፋብሪካ ያለው ባለጠጋ ይህን አይቶ ስለ ተደነቀ ሠሪውን ፈልጎ አገኘው፤ እስኪሞትም ድረስ ወዳጁና አሠሪው ሆነ። አንድ ሣጥን በትጋት መሠራቱ ቤተ መንግሥት የሚመስል ቤት፣ ሰፊ የአትክልት ቦታና ብዙ ሌላ ሥራ አመጣለት። በትንሹ የታመነ በብዙ ላይ እንደሚሾም በዚህ ይታወቃል።

የጉዌል አትክልት ቦታ ያለው ከከተማው በላይ በኮረብታ ላይ ነው። ጉዌል በ1900 ዓ.ም. በዚያ ለባለጠጎች የሚሆን 60 ቤት ያለበት መንደር ለማቆም አስቦ ነበረ። ነገር ግን ገዢ ጠፋ፤ በ1914 ዓ.ም. ሥራው ሲቆም የተሠሩት ቤቶች ሁለት ብቻ ነበሩ። ለንግድ የታሰበው ከሰረ፤ በ1926 ዓ.ም. ግን የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። በዚያም 86 ዓምዶች ያሉበት አዳራሽ አለ፤ በላዩም ሰፊ አደባባይ ተዘርግቷል። ዝናም ሲዘንም ውኃው በአደባባዩ አሸዋ ተጣርቶ፣ በዓምዶቹ ውስጥ ወርዶ፣ ከሥር ባለው ጕድጓድ ይጠራቀማል። አደባባዩን የሚከበው ረዥም መቀመጫም የተለበጠው በሰባራ ሸክላ ነው። ጋውዲና ረዳቱ ዡዦል ሌላው ሰው የጣለውን ስባሪ ሰብስበው በጥንቃቄ ቢያጋጥሙት በፀሓይ የሚያበራ ጌጥ ሆነ።

አሁን ወደ ግራሲያ ታላቅ ጎዳና እንውረድ። በዚህ ጎዳና ላይ የባትዮ ቤት አለ፤ ጋውዲ ይህን አሮጌ ቤት ከ1904 እስከ 1906 ዓ.ም. አድሶ ለወጠው። በቤቱ መካከል ብርሃን የሚወርድበት ክፍት ቦታ አለ። ከላይ ብርሃን ስለሚበዛ ሸክላውን ጥቍር ሰማያዊ፣ መስኮቱንም ትንሽ አደረገው፤ ወደ ታች በወረደ ቍጥር ሸክላው እየነጣ መስኮቱም እየሰፋ ይሄዳል። ስለዚህ ከታች የሚኖረው ሰው ከላይ እንደሚኖረው ብርሃን ያገኛል። ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ የሚላ ቤት ቆሟል፤ የተሠራውም ከ1906 እስከ 1912 ዓ.ም. ነው። ግንቡ እንደ ባሕር ማዕበል ስለሚጎብጥ የከተማው ሰዎች ሣቁበት፤ የድንጋይ መፍለጫ ብለውም ስም አወጡለት። ስለ ደመወዙም ከባለቤቱ ጋራ ተጣልቶ በዳኛ ፊት ረታ፤ ገንዘቡን ግን ለራሱ ሳያስቀር ሰጠው። ጋውዲ ቍጡ ሰው ነበረ፤ ይህ ጕድለቱ አይሸሸግም። ነገር ግን በገንዘብ አልተገዛም።

ከከተማው ወጣ ብሎ በጉዌል ፋብሪካ መንደር ለሠራተኞች ቤተ ክርስቲያን እንዲሠራ በታዘዘ ጊዜ ዓመታት የፈጀ ጥናት አደረገ። ከጣራ ላይ ገመዶችን አንጠልጥሎ፣ ትንንሽ የእርሳስ ከረጢቶችን ክብደት አድርጎ አሰረባቸው። ገመዱ በክብደቱ ተስቦ የሚይዘውን መልክ በፎቶግራፍ አንሥቶ ሥዕሉን ቢገለብጠው ሳይናድ የሚቆም ቅስት ሆነ። ከመንደሩ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመው የታችኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ያ ጥናት ግን ለሚበልጠው ሥራ መሠረት ሆነ።

የሚበልጠውም ሥራ የቅድስት ቤተ ሰብ ቤተ ክርስቲያን ነው። መሠረቱ በ1882 ዓ.ም. በሌላ መሐንዲስ ተጣለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሥራው ለ31 ዓመቱ ለጋውዲ ተሰጠ፤ እርሱም 43 ዓመት ደከመበት። ይህ ቤተ ክርስቲያን በምጽዋት ብቻ እንዲሠራ የተሳለ ስለ ሆነ ገንዘብ ሲያልቅ ሥራው ይቆም ነበረ። የአባቱ፣ የእኅቱ ልጅ፣ የወዳጁም የጉዌል ሞት አንድ በአንድ ደረሰበት። ከ1914 ዓ.ም. ወዲህ ሌላ ሥራ አልተቀበለም። ያ ልብሱን ያሳምር የነበረ ወጣት አሁን ያረጀ ካፖርት ለብሶ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ምጽዋት ለመለመን ከቤት ወደ ቤት የሚሄድ ሽማግሌ ሆነ። ለሠራተኞቹና ለጎረቤት ልጆችም በ1909 ዓ.ም. በዚያው ግቢ ትምህርት ቤት ሠራ። ጣራውን ከስስ ጡብ እንደ ማዕበል አጣጥፎ አቆመው፤ መታጠፉም ስሱን ጡብ ጠንካራ አደረገው።

ጋውዲ ሥራው በርሱ ዕድሜ እንደማይፈጸም ዐወቀ። ሌላ ሰው ቢሆን ወይ በተስፋ መቍረጥ ይተወው፣ ወይ ቸኵሎ ያሳንሰው ነበረ። እርሱ ግን የጌታን ልደት የሚያሳየውን አንዱን ፊት አስቀድሞ ከፍ አድርጎ ሠራ፤ ይህም ከኋላ የሚመጣው ትውልድ አይቶ እንዲተጋ ነው። የቀረውንም በጄሶ ምሳሌ አድርጎ አስቀመጠላቸው። ሊሠሩ ከታሰቡት 18 ግንቦች እርሱ በሕይወቱ ተፈጽሞ ያየው አንዱን የበርናባስን ግንብ ብቻ ነው፤ ይኸውም በ1925 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

በ1926 ዓ.ም. በጁን 7 ቀን እንደ ልማዱ ለጸሎት ሲሄድ ትራም ገጨው። ልብሱ ያረጀ፣ የሚያስታውቀውም ወረቀት የሌለው ስለ ነበረ ሰዎች ለማኝ መሰላቸው፤ ፈጥኖ የሚረዳውም አላገኘ። በመጨረሻም ወደ ድኾች ሆስፒታል ተወሰደ። በማግስቱ የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ፈልጎ ሲያገኘው የሚያድንበት ጊዜ ዐልፎ ነበረ፤ በጁን 10 ቀን በ73 ዓመቱ ዐረፈ። በመንገድ ወድቆ ያላወቀው ከተማ በቀብሩ ቀን ተሰብስቦ አለቀሰለት። የተቀበረውም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ከምድር በታች ባለው ክፍል ነው።

በ1936 ዓ.ም. በእስጳንያ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነሣ የሥራ ክፍሉ ተቃጠለ፤ ሥዕሉ ዐመድ ሆነ፤ የጄሶውም ምሳሌ ተሰባበረ። ደቀ መዛሙርቱ ግን ስባሪውን ለቅመው፣ ጌታቸው ሰባራ ሸክላ ያጋጥም እንደ ነበረ፣ እያጋጠሙ አሳቡን እንደ ገና አገኙት። ቤተ ክርስቲያኑ በ2010 ዓ.ም. በሮማው ሊቀ ጳጳሳት በቤኔዲክቶስ 16ኛ እጅ ተባረከ። በ2025 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም ቤተ ክርስቲያናት ሁሉ በቁመት በለጠ። ነገር ግን የታላቁ ግንብ ቁመት በ172.5 ሜትር ተወስኗል፤ የሰው ሥራ ከእግዚአብሔር ሥራ እንዳይበልጥ ጋውዲ ከከተማው ተራራ ከሞንትዡዊክ ዝቅ እንዲል ፈልጎ ነበርና።

ልጆች ሆይ፣ ከዚህ ሰው ታሪክ ሁለት ነገር እንማር። መዠመሪያ፣ በመንገድ የወደቀውን ሰው ልብሱን አይተን አንለፈው፤ ባርሴሎና ታላቁን ልጇን ያላወቀችው ካፖርቱን ስለ ተመለከተች ነው። ደግሞም ለማኝ ቢሆን ኖሮስ ሊረዳ አይገባውም ነበርን? ሁለተኛ፣ ፍጻሜውን አላየውም ብለን በጎ ሥራን ከመዠመር አንቦዝን። ዛፍ የሚተክል ሽማግሌ ጥላውን ለልጅ ልጁ ይተዋል። እኛም የምናነብበት ትምህርት ቤት፣ የምንጠጣው ምንጭ፣ የምንሄድበት መንገድ ፍጻሜውን ሳያዩ የደከሙ ሰዎች ሥራ ነው። ለኋለኞቻችን ዕዳችንን የምንከፍለው እንዲሁ በመድከም ነው።