ከፒያኖ መድረክ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትርነት፦ የኢግናሲ ፓዴሬቭስኪ ሕይወት

ኢግናሲ ያን ፓዴሬቭስኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1860 ሲወለዱ ፖላንድ የምትባል አገር በዓለም ካርታ ላይ አልነበረችም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግድም በሦስት ዙር ተከፋፍለው ወስደዋት ነበር። የትውልድ መንደራቸው ኩሪሉፍካ ያን ጊዜ በሩሲያ ግዛት ሥር የነበረች ስትሆን ዛሬ የምትገኘው በዩክሬን ውስጥ ነው።

እናታቸው እርሳቸውን ከወለዱ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የባላባት ርስት አስተዳዳሪ የነበሩት አባታቸው ደግሞ ፖላንዳውያን በ1863 በሩሲያ አገዛዝ ላይ ካነሡት ዓመፅ ጋር በተያያዘ ታሰሩ፤ ሕፃኑም ለአክስት ተሰጡ። በ12 ዓመታቸው ወደ ዋርሶ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ገብተው በ1878 ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ በዚያው የፒያኖ መምህር ሆኑ። በ1880 ትዳር ቢመሠርቱም ባለቤታቸው ወንድ ልጅ ወልደው ወዲያው ዐረፉ። በጽኑ የአካል ጉዳት ያደገው ልጃቸውም በ1901 በወጣትነቱ ተለያቸው።

በበርሊን የሙዚቃ ድርሰት ካጠኑ በኋላ በ1884 ቪየና ወደሚገኙት ዝነኛ የፒያኖ መምህር ቴዎዶር ሌሼቲትስኪ ዘንድ ሄዱ። ዕድሜያቸው ወደ 24 ዓመት ተጠግቶ ስለነበር ለዚህ ሙያ እጅግ ዘግይተው ነበር፤ መምህሩም ይህን አልሸሸጓቸውም። ፓዴሬቭስኪ ግን ራሳቸው ያስተምሩት የነበረውን ትምህርት እንደ ጀማሪ ከመነሻው ተቀመጡበት።

ድካማቸው ፍሬ ያፈራው በ1888 በፓሪስ ነው። በ1890 ለንደንን፣ በ1891 ደግሞ ኒው ዮርክን ያዩ ሲሆን፣ በዚያ የተጫወቱት በዚያው ዓመት በተከፈተው በካርኔጊ አዳራሽ ነበር። በዚህ የመጀመሪያ የአሜሪካ ጉዞ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 በላይ ኮንሰርቶችን አቀረቡ። ከቁልፎቹ ጥንካሬ የተነሣ የቀኝ እጃቸው አንድ ጣት ቢጎዳም ቀጠሮ አላፈረሱም፤ በቀሩት ጣቶች የሚጫወቱበትን መላ ፈጥረው ጉዞውን ጨረሱ። ቀይ ቀለም ያለው የተንጨባረረ ጸጉራቸው እንኳ የጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ። የሙያ አጋሮቻቸው ሁሉ በአጨዋወታቸው አልተስማሙም፤ የቴክኒክ ጉድለት የሚያገኙባቸው ነበሩ። አድማጩ ሕዝብ ግን ይህን ሂሳብ ውስጥ አላስገባም። በ1901 በድሬስደን ለመድረክ የበቃው ማንሩ የተሰኘው ኦፔራቸው በተከታዩ ዓመት በኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ኦፔራ ታየ።

ዝናው ያመጣው ሀብት ከሙዚቃ ውጭ ላለ ዓላማ መዋል የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ፖላንዳውያንና ሊቱዌኒያውያን የቴውቶን ፈረሰኞችን ያሸነፉበት የግሩንቫልድ ጦርነት 500ኛ ዓመት በ1910 ሲከበር በክራኮው የቆመውን ትልቅ ሐውልት ያሠሩት በራሳቸው ገንዘብ ነው።

የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሣ በስዊዘርላንድ ከደራሲው ሄንሪክ ሺንኪዬቪች ጋር ለጦርነቱ ተጎጂዎች የእርዳታ ኮሚቴ አቋቁመው በ1915 ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በዚያ ስለ ፖላንድ ከ300 በላይ ንግግሮችን አደረጉ፤ ብዙ ጊዜም ንግግሩን የሚያጅበው የፒያኖ ጨዋታቸው ነበር። ሰው ሊሰማቸው የሚመጣው ለሙዚቃው ነው፤ የሚሄደው ግን ስለ ፖላንድ ሰምቶ ነው። የፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን የቅርብ አማካሪ ከነበሩት ከኮሎኔል ኤድዋርድ ሃውስ ጋር ተዋውቀው በጥር 1917 ስለ ፖላንድ ጉዳይ የጽሑፍ ማስታወሻ አቀረቡ። ፕሬዚዳንቱ በዚያው ወር ለሴኔቱ ባደረጉት ንግግር፣ በ1918 መግቢያም ባወጧቸው 14 ነጥቦች ውስጥ የፖላንድን ነጻነት አነሡ። በእርግጥ ሦስቱ ነገሥታት በጦርነቱ ባይንኮታኮቱ ኖሮ ይህ ሁሉ ልመና ከወረቀት ባላለፈ ነበር።

በ1918 ማብቂያ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ግዳንስክ ደርሰው ወደ ፖዝናን ሲገቡ ሕዝቡ በነቂስ ወጣ፤ በማግስቱም ከተማዪቱ በጀርመን አገዛዝ ላይ ተነሣች። በዋርሶ ሥልጣን የያዙት ዩሴፍ ፒልሱድስኪ ነበሩ፤ አሸናፊዎቹ መንግሥታት ግን የሚያውቁት ሮማን ድሞቭስኪ በፓሪስ የሚመሩትን ኮሚቴ ነው። ሁለቱን ወገኖች ሊያስማማ የሚችል ሰው ተፈልጎ ፓዴሬቭስኪ በጥር 1919 ጠቅላይ ሚኒስትርና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። ከተሾሙ ከ10 ቀናት በኋላ ሴቶችም ድምፅ የሰጡበት የምክር ቤት ምርጫ ተካሄደ፤ ዩናይትድ ስቴትስም ወዲያው ለመንግሥታቸው እውቅና ሰጠች። በሰኔ 28 ቀን 1919 ከድሞቭስኪ ጋር ሆነው የቬርሳይን ስምምነት በአገራቸው ስም ፈረሙ።

የቢሮ ሥራ ግን ሌላ ነገር ሆነባቸው። ሦስት የተለያዩ ሕጎች፣ ገንዘቦችና የአስተዳደር ልማዶች የነበሯቸውን ክፍሎች ወደ አንድ መንግሥት ማምጣት የዕለት ተዕለት ክትትል የሚጠይቅ ሥራ ነው። እርሳቸው አዘውትረው በፓሪስ ነበሩ፤ በዋርሶ ሲገኙም ጉዳዮች እንደሚዘገዩና እንደሚጓተቱ ይነገር ነበር። በ1899 ያገቧቸው ሁለተኛ ባለቤታቸው ሄሌና በመንግሥት ሥራ እጃቸውን ያስገባሉ የሚለው ወቀሳም አልቀረላቸውም። አናሳ ብሔረሰቦችን ለመጠበቅ ከኃያላኑ ጋር የፈረሙት ውል በምክር ቤቱ ቁጣ አስነሣ። በታኅሣሥ 1919፣ ዓመት ሳይሞላቸው፣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። በመንግሥታቱ ማኅበር የአገራቸው ተወካይ ሆነው ከሠሩ በኋላ ከፖለቲካው ፈቀቅ አሉ።

ከሀብታቸው ብዙው ለአገር ጉዳይ ወጥቶ ስለነበር በ1922፣ በ62 ዓመታቸው፣ ለዓመታት ወደ ተለዩት ፒያኖ ተመለሱ። አዳራሾቹ እንደ ጥንቱ ሞሉ። በ1939 ጀርመንና ሶቪየት ኅብረት ፖላንድን ዳግመኛ ሲከፋፈሏት ሽማግሌው ሰው በስደት የተቋቋመው ብሔራዊ ምክር ቤት መሪ ሆኑ፤ በ1940 መጨረሻም ለዚያው የአገር ጉዳይ እንደገና ወደ አሜሪካ ተጓዙ። በሰኔ 29 ቀን 1941 በኒው ዮርክ በ80 ዓመታቸው ዐረፉ። ፖላንድ ነጻ እስክትወጣ ድረስ በሚል አስከሬናቸው በፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ፈቃድ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር ተቀመጠ። ወደ ዋርሶ ተወስዶ በቅዱስ ዮሐንስ ካቴድራል ያረፈው ከ51 ዓመታት በኋላ፣ በ1992 ነው። ልባቸው ግን በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ በሚገኝ የፖላንዳውያን ቤተ ክርስቲያን ቀርቷል።