ዳንኤል ኦኮኔልና የክሌር የማሟያ ምርጫ

ዳንኤል ኦኮኔል እ.ኤ.አ. በ1775 በደቡብ ምዕራብ አየርላንድ፣ ኬሪ በተባለው አውራጃ ተወለደ። ያሳደገው አጎቱ ነው። በፈረንሳይ አገር ሲማር ቆይቶ በ1793 አብዮቱ ስለ በረታ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፤ በ1798 ጠበቃ ሆነ። አንደበተ ርቱዕ ስለ ነበረ ስሙ በየችሎቱ ታወቀ። ይሁን እንጂ ካቶሊክ በመሆኑ ከፍተኛው የጥብቅና ማዕርግ ተከልክሎ ነበር።

በዚያ ዘመን አየርላንድ የምትተዳደረው በለንደኑ ፓርላማ ነው። ከሕዝቧ አብዛኛው ካቶሊክ ቢሆንም አንድም ካቶሊክ በዚያ ሊቀመጥ አይችልም ነበር። ክልከላው ያለው በመሐላው ውስጥ ነው፤ እንደራሴ የሚሆን ሁሉ የካቶሊክን እምነት ዋና ዋና ትምህርቶች የሚያወግዝ ቃል መማል ነበረበት። ኦኮኔል ይህን ለማስቀረት በ1823 ከጓደኞቹ ጋር የካቶሊክ ማኅበርን አቋቋመ። በተከታዩ ዓመት ድኻው ሁሉ በወር አንድ ፔኒ እያዋጣ እንዲገባበት ስለ ተደረገ፣ ማኅበሩ የጥቂት የተማሩ ሰዎች መሆኑ ቀርቶ የገበሬው ሆነ።

በ1828 የክሌር አውራጃ እንደራሴ ቬሲ ፊትዝጄራልድ ሚኒስትር ሆኖ ተሾመ። በጊዜው ሕግ እንዲህ ያለ ሹመት የተቀበለ እንደራሴ መቀመጫውን ለቅቆ በማሟያ ምርጫ እንደገና የመራጮቹን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። ሰውየው የተወደደና ለካቶሊኮችም መብት የሚከራከር ስለ ነበረ ነገሩ ያለ ችግር የሚያልፍ ይመስል ነበር። ኦኮኔል ግን ሕጉን በጠበቃ ዓይን አገላብጦ አየው፤ ካቶሊክ እንዳይቀመጥ ይከለክላል እንጂ እንዳይወዳደር አይከለክልም።

ምርጫው በኤኒስ ከተማ ተካሄደ። ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ሳይሆን በአደባባይ፣ በቃል ነበር። ጭሰኛው ማንን እንደ መረጠ ባለርስቱ ይሰማል፤ ከተቀየመም ከመሬቱ ሊነቅለው ይችላል። ከመራጮቹ የሚበዙት ደግሞ በዓመት 40 ሽልንግ የሚገመት ይዞታ ያላቸው ድኾች ነበሩ። እስከዚያ ድረስ በጌታቸው ፈቃድ ይመርጡ የነበሩት እነዚህ ሰዎች በቀሳውስቶቻቸው እየተመሩ በሰልፍ ወደ ከተማው ገቡ። ሁከት ተነሥቶ ድካማቸው ከንቱ እንዳይሆን መጠጥ እርም ብለው ነበር። ድምፁ ሲቆጠር ኦኮኔል 2,057፣ ፊትዝጄራልድ 982 አገኙ።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዌሊንግተን የጦር ሰው ነበርና የእርስ በርስ ጦርነትን አጥብቆ ፈራ። ንጉሡንም በግድ አስፈቅዶ፣ ካቶሊኮች ፓርላማ እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ በአፕሪል 1829 ጸደቀ። ነገር ግን ኦኮኔል የተመረጠው ከሕጉ በፊት ነው ተብሎ የድሮውን መሐላ እንዲምል ተጠየቀ፤ ጽሑፉን አንብቦ አልምልም አለ። መቀመጫው ዳግመኛ ክፍት ሆነ። በሁለተኛው የማሟያ ምርጫ ተወዳዳሪ ስላልቀረበበት አለፈና በፌብሩዋሪ 1830 ገብቶ ተቀመጠ።

ለዚህ ድል ዋጋ የከፈሉት ሌሎች ነበሩ። ከዚያው ሕግ ጋር በወጣ ሌላ ሕግ ለመራጭነት የሚያበቃው የይዞታ ግምት ከ40 ሽልንግ ወደ 10 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ አምስት እጥፍ ከፍ አለ። ከ200,000 በላይ የነበሩት የአየርላንድ አውራጃዎች መራጮች ከ40,000 በታች ሆኑ። ኦኮኔል ሕጉን ቢቃወምም ሊያስቆመው አልቻለም። ባለርስቱ እየሰማቸው ስሙን በአደባባይ ከጠሩት ጭሰኞች አብዛኞቹ በሁለተኛው ምርጫ ጊዜ ድምፅ አልነበራቸውም።

በ1847 በሽተኛ ሆኖ፣ በረኀብ ለሚያልቀው ለአየርላንድ ገበሬ እርዳታ እንዲሰጥ በደከመ ድምፅ ፓርላማውን ለመነ። በዚያው ዓመት በሜይ ወር ወደ ሮም ሲጓዝ በጄኖቫ ከተማ ሞተ።