ሰብረዲን ዘይፋት፦ የተቀናቃኞች ኅብረትና ውድቀቱ

በ14ኛው ምዕተ ዓመት ከደብረ ሲና ግርጌ እስከ አዋሽ ሸለቆ የሚዘልቀው የይፋት ምድር ደጋውን ከዘይላ ወደብ ጋር የሚያገናኘው የንግድ መስመር ይተላለፍበት ነበር። በሸዋ ሮቢት አካባቢ የሚገኙት የኖራና የአስባሪ ፍርስራሾች፣ ከነመስጊዶቻቸው፣ የዚያ ዘመን የከተማ ሕይወት ምስክሮች ናቸው። ሰብረዲን ይህን ምድር ይገዛ ከነበረው የወላስማ ሥርወ መንግሥት የተወለደ ነው።

ለሥልጣን የበቃው በወንድሙ በሐቀዲን ውድቀት ነበር። ሐቀዲን ከካይሮ ይመለስ የነበረውን የዐፄ ዐምደ ጽዮን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) መልእክተኛ በመያዙ ንጉሡ ዘመተበት፤ ድል ከነሣውም በኋላ ሰብረዲንን በምትኩ ሾመ። ይሁን እንጂ ተሿሚው ገባርነቱን ለረጅም ጊዜ አልተቀበለም። በ1332 እ.ኤ.አ. ዐመፀ፤ የደዋሮው ገዥ ሐይደራም ከጎኑ ተሰለፈ።

የዚህ ኅብረት ክብደት የሚታወቀው ከነበረው ክፍፍል አንጻር ሲመዘን ነው። ጸሐፊው አል-ዑመሪ በዚያው ምዕተ ዓመት ይፋትን፣ ደዋሮን፣ ሐድያን፣ ባሌንና ሌሎችን ጨምሮ ሰባት የሙስሊም ግዛቶችን ዘርዝሯል። ገዥዎቻቸው ቢተባበሩ ራሳቸውን መከላከል ይችሉ እንደነበረ፣ ነገር ግን እርስ በርስ የተከፋፈሉ መሆናቸውን ገልጿል። ሐድያ ቀደም ብሎ፣ በ1316/17 ገደማ፣ ለዐምደ ጽዮን ተገዝቶ ነበር። ስለዚህ ሰብረዲን የተነሣው ከሊቀ ኃይሎቹ አንዱ አስቀድሞ ከተሰበረ በኋላ ነው።

ንጉሡ ጦሩን በየአቅጣጫው አሰማርቶ ይፋትን መታ። ሰብረዲን በንግሥቲቱ አማላጅነት ምሕረት ቢጠይቅም አልተሳካለትም፤ እጁን ሰጥቶ ከሐይደራ ጋር ታሰረ። ይፋትም ለወንድሙ ለጀማለዲን ተሰጠ።

የሰብረዲን ውድቀት ግን ነገሩን አልቋጨውም። ጀማለዲንም ከአዳልና ከሞራ ገዥዎች ጋር ተባበረ፤ ቃዲ ሷሊሕም በርካታ መኳንንትን አስተባብሮ ተነሣ። ሁለተኛው ኅብረት ከመጀመሪያው ሰፊ የነበረ ቢሆንም እርሱም ተሸነፈ። ከዚህ የሚታየው የጋራ ጥቅም ተቀናቃኞችን ሊያቀራርብ እንደቻለ፣ የተሰለፉት ግን በአንድ ጊዜና በአንድ አመራር ሥር ባለመሆኑ ለየብቻ እንደተመቱ ነው።

የሰብረዲን ሕይወት በዋነኛነት የሚታወቀው በድል አድራጊው ቤተ መንግሥት ወገን በግእዝ ከተጻፈው ዜና መዋዕል ነው። ምንጩ ዐመፀኛ ያለውን ሰው ከይፋት ነጋዴዎችና ከተሞች ወገን ሆኖ ማየት ለተመራማሪው የሚቀር ሥራ ነው።