ደረስጌን አሠርተው ዘውዱን ያጡት ደጃዝማች

ደጃች ውቤ ሲባል አዲስ አበባ ላደገ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሰፈሩ ነው። ሰፈሩ ግን ስሙን ያገኘው በምኒልክ ዘመን ከነበሩት ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው። እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ስለ ሌላው ውቤ፣ ስለ ሰሜኑ ሰው ስለ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ነው። ደባርቅ ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው እኚህን ሰው ሳያውቅ ጋዜጠኝነት ተማርኩ ቢል ትንሽ ያሳፍራል ብዬ አምናለሁ።

የተሰጠን ርዕስ አንድ የአካባቢ ሕዝብ ተወካይ ለኪነ ጥበብ ምን ሠራ፣ ለወከለው ሕዝብ ችግርስ ምን አደረገ የሚል ነበር። በውቤ ዘመን ግን ተወካይ የሚባል ነገር የለም። ፓርላማ በአገራችን የመጣው ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት ጋር ነው፤ በወረቀት የተጻፈ የባህል ፖሊሲ ደግሞ በ1990 ዓ.ም. ነው የወጣው። በዚያን ጊዜ ሕጉም በጀቱም ባህል ሚኒስቴሩም አንድ ሰው ነበር። ነገር ግን ጥያቄው ያው ነው። ጥበቡ በማን ገንዘብ ይሠራል? ገንዘቡን የሚከፍለው ገበሬስ ምን ያገኛል?

ውቤ የተወለዱት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም ነው። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ሰሜንን ይገዙ ነበር፤ አያታቸው ራስ ገብሬም እንዲሁ። ቤተሰቡ ከሰሎሞን ዘር እንወለዳለን የሚል፣ በተራራው አምባዎች የሚተማመን፣ ለጎንደርም ለየጁም በቀላሉ የማይንበረከክ ቤት ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የእቴጌ ጣይቱ አባት ብጡል ኃይለ ማርያም የውቤ ወንድም ናቸው። ስለዚህ ውቤ የጣይቱ አጎት መሆናቸው ነው።

አባታቸው በ1818 ዓ.ም. ገደማ ሲሞቱ ውቤ ከወንድማቸው ከመርሶ ጋር ተሻምተው ሰሜንን ያዙ። በ1823 ዓ.ም. በደብረ ዓባይ በተደረገው ጦርነት የየጁው ራስ ማርዬ ሞቱ፤ የትግራዩ ደጃዝማች ሰባጋዲስም ተይዘው ተገደሉ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲጠፉ የተጠቀሙት ውቤ ናቸው። ትግራይን ያዙ። ትግራይ ማለት ደግሞ የምጽዋ መንገድ ማለት ነበር፤ የምጽዋ መንገድ ማለት ጠመንጃ። በዚያ ዘመን ከባሕር ርቀው ከነበሩት መሳፍንት ይልቅ ውቤ ብዙ ነፍጥ ሊሰበስቡ የቻሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ አካባቢ ከዚህ ውስጥ የት እንደሚገባ ልንገራችሁ። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚሄደው የንግድ መንገድ ሊማሊሞን ወጥቶ፣ በደባርቅና በዳባት አድርጎ ነው ወገራን የሚያቋርጠው። ዛሬ በመኪና የምናውቀው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ በጣሊያን ጊዜ የተሠራ ነው፤ መወጣጫው ግን ከዚያ በፊትም ነበረ፤ በቅሎና አህያ ጨርቅና ጨው ጭኖ ይወጣው ነበር። ነጋዴው በየበሩ ቀረጥ ይከፍላል። እንግዲህ የውቤ ገንዘብ አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ሌላውና ዋናው ገበሬው ነው።

በዘመነ መሳፍንት ገበሬው ግብር ከፍሎ አያርፍም። ወታደር ደመወዝ ስለሌለው ገበሬው ቤት ይመራል፤ ተሰሪ ይባላል። ወታደሩ እስኪነሣ ድረስ የገብሱን እንጀራና ጠላውን ያቀርባሉ፣ በጉን ያርዳሉ። የሰሜን ደጋ ገብስና በግ እንጂ ሌላ ብዙ ነገር የለውም። ውቤ ይህን ሥርዓት አልፈጠሩትም፤ የጁዎቹም ሌሎቹም ያደርጉት ነበር። ግን ብዙ ሠራዊት ያለው ገዥ ብዙ ተሰሪ ያሰፍራል። በትግራይ የተነሣባቸው ዐመፅ ቶሎ ቶሎ ነው፤ የሰባጋዲስ ልጅ ካሣ፣ ባልጋዳ አርአያ እያለ ይቀጥላል። የትግራይ ሰው ከውጭ መጥቶ የገዛው ሰው ብሎ ቢያማርር የሚፈረድበት አይመስለኝም።

አሁን ወደ ደረስጌ።

ደረስጌ ማርያም ጃናሞራ ውስጥ ነች። ከደባርቅ ተነሥቶ በፓርኩ መሀል በሳንቃ በርና በጨነቅ አድርጎ ቧሂትን ተሻግሮ ወደ መካነ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ይኬዳል። ፈረንጁ ጭላዳና ዋልያ አይቶ ከጨነቅ ይመለሳል። እኛም እኮ ያው ነን። ስንቱ የደባርቅ ሰው ነው ደረስጌን ያየ?

ውቤ ቤተ ክርስቲያኗን ያሠሩት በ1840ዎቹ ነው። በዚህ ሥራ ስማቸው የሚነሣ ሁለት ጀርመኖች አሉ። አንዱ ሺምፐር የተባለው የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። በ1829 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን መጥቶ፣ የሰሜንን ተራሮች እየዞረ ዕፅዋት ሰብስቦ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር። ውቤ ወደውት ትግራይ ውስጥ እንትጮ ላይ አገር ሰጥተው ሹም አደረጉት። ሁለተኛው ኤድዋርድ ዛንደር ይባላል፤ ሠዓሊ ነው። የመጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1847 ነው። ሥዕልም ግንባታም የሚያውቅ ሰው ስለነበር ለውቤ ሁለቱንም ሠርቷል፤ ደረስጌ ላይም እጁ አለበት።

ግን ደረስጌ የፈረንጅ ቤተ ክርስቲያን አይደለችም። ይህን ማስመር የምፈልገው አንዳንድ ሰው ጀርመን የሚል ስም ሲሰማ ሁሉን ነገር ለጀርመን ስለሚሰጥ ነው። ክብ ናት፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ያላት የአገራችን አሠራር ናት። የመቅደሱ ግድግዳ በጎንደር ሠዓሊዎች ልማድ የተሣለ ነው፤ እመቤታችን፣ ቅዱሳን፣ ሰማዕታት፣ በፈረስ ላይ ያሉት ጊዮርጊስና መርቆሬዎስ። በዚያ ልማድ ሠዓሊው ብዙ ጊዜ በጨርቅ ላይ ይሥልና ጨርቁ በግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ለዚህ ቀለም መግዛት፣ ሠዓሊን ከነደቀ መዝሙሩ ወራት ሙሉ መቀለብ፣ ድንጋይና ኖራ ማመላለስ፣ እንጨት ከቆላ ማስወጣት ያስፈልጋል። ቤቱ ካለቀ በኋላም ካህናቱና ደብተሮቹ የሚተዳደሩበት መሬት ይሰጣል። አንድ ደብር ሲተከል ዜማው፣ ቅኔው፣ ድጉሱ፣ ጽሕፈቱ ሁሉ አብሮ ይተከላል። በእኔ አስተያየት የዚያን ጊዜ የኪነ ጥበብ ፖሊሲ ይህ ነው፤ ውቤም ከዘመናቸው መሳፍንት በዚህ ብልጫ ነበራቸው። ነፍጥ የሚሰበስብ ሞልቶ ነበር፤ ሠዓሊ የሚሰበስብ ግን ጥቂት ነው።

ደረስጌ የተሠራችው ለጽድቅ ብቻ ግን አልነበረም። ውቤ ሊነግሡባት አስበው እንደነበር በሰፊው ይነገራል። ለመንገሥ ደግሞ ጳጳስ ያስፈልጋል። እሱንም አስቀድመው አዘጋጅተው ነበር። አገሪቱ ለብዙ ጊዜ ያለ ጳጳስ ከቆየች በኋላ ወደ ግብፅ መልእክተኞችና ገንዘብ የላኩት ውቤ ናቸው። አቡነ ሰላማም በ1834 ዓ.ም. መጡ።

በዚያው ዓመት ውቤ ደብረ ታቦር ላይ ከራስ ዓሊ ጋር ገጠሙ። ይህ ጦርነት በታሪካችን ከሚያስቁትም ከሚያሳዝኑትም አንዱ ነው። ውቤ አሸነፉ። ዓሊ ሸሹ። የውቤ ሰዎች ድል አደረግን ብለው ግብር አግብተው መጠጥ ላይ ተቀመጡ፤ ብሩ አሊጋዝ በድንገት ደርሶ ውቤን ከነልጃቸው ያዛቸው። በቃ፣ ያሸነፈው ታሰረ፣ የሸሸው ተመልሶ ገዛ። በኋላ ተለቀው ሰሜንንም ትግራይንም መልሰው ያዙ፤ ግን የመሀል አገሩ በር ያን ዕለት እንደተዘጋ ነው የሚታየኝ። ደረስጌ የተሠራችው ከዚህ በኋላ ነው፤ ለእኔ ሁለተኛ ሙከራ ትመስለኛለች። በጦር ያመለጠውን ዘውድ በቤተ ክርስቲያን ሊያመጡት።

በዚህ መሀል ከቋራ አንድ ሰው ተነሣ። ካሣ ኃይሉ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ ዓሊን ከሰበሩ በኋላ ከታላላቆቹ ከቀሩት አንዱ ውቤ ነበሩ። አቡነ ሰላማም ወደ ካሣ ዞሩ። ውቤ በስንት ድካም ያስመጧቸው ጳጳስ! በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሁለቱ ጦር ደረስጌ ላይ ተገናኘ። ውቤ ተሸንፈው ተማረኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ካሣ በዚያችው ደረስጌ ማርያም፣ በዚያው ጳጳስ እጅ፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ውቤ ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመናቸውን አብዛኛውን በእስር አሳለፉት። ልጃቸው ጥሩወርቅ የቴዎድሮስ ሚስት ሆነች፤ በ1853 ዓ.ም. ዓለማየሁን ወለደች። ውቤ ግን የንጉሠ ነገሥቱ አማች መሆናቸው ነፃ አላወጣቸውም፤ ከመቅደላው ጦርነት አንድ ዓመት ገደማ ቀድመው ሞቱ። ጥሩወርቅም እንግሊዞች ከመቅደላ ይዘዋት ሲወጡ መንገድ ላይ ሞተች። ዓለማየሁ በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። ዛንደርና ሺምፐር ጌታቸው ሲወድቁ ለቴዎድሮስ አደሩ፤ መጨረሻም ከመቅደላ ከወጡት አውሮፓውያን ውስጥ ነበሩ። ባለሙያ ጌታ ይለውጣል፤ ገበሬው ግን የሚለውጠው ጌታ የለውም፤ የሚመጣውን ያበላል።

ስለ ውቤ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሷቸው ለቴዎድሮስ ታሪክ መሸጋገሪያ አድርገው ነው፤ ደረስጌም ስሟ የሚጠራው ለአንድ የዘውድ ቀን ብቻ ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ለሕዝባቸው ጥሩ ገዥ ነበሩ ለማለት ግን አፌ አይደፍርም። የዚያ ድንጋይ ዋጋ የተከፈለው በገብስና በበግ ነው፣ ከጃናሞራም፣ ከወገራም፣ ከተከዜ ማዶም። ከፋዮቹን ማንም አልጠየቃቸውም። ከተከፈለው ሁሉ ግን ጠመንጃው የት እንደደረሰ አይታወቅም፤ ሥዕሉ አለ።

ዛሬ ደረስጌን የሚጠብቋት የእነዚያ ገበሬዎች ልጆች ናቸው። ዕቃ ቤቱን የሚቆልፈው ካህን፣ ክዳኑ ሲያፈስ አዋጥቶ የሚያስጠግነው ምእመን፣ በማርያም ቀን ከየጎጡ በእግሩ የሚመጣው ሰው። በግድግዳው ላይ ዝናብ ከገባ የሚጠፋው የማን እንደሆነ እነሱ ያውቁታል። ደባርቅ ያለን ሰዎች ግን ለጎብኚ መንገድ ስናሳይ ጣታችን አሁንም የሚያመለክተው እስከ ጨነቅ ነው፤ ከቧሂት ወዲያ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ ጎብኚ ቢመጣ ከእኛ ስንቱ መልስ አለው?