የባሕሩን መነጽር ወደ ሰማይ ያዞረው ጋሊሌኦ ጋሊሌይ

ጋሊሌኦ ጋሊሌይ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1564 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በፒዛ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቪንቼንሲዮ የሙዚቃ ሊቅ ነበረ። ልጁ ሕክምና እንዲማርለት ወደ ፒዛ ዩኒቨርሲቲ ቢያስገባውም፥ የጋሊሌኦ ልብ ወደ ሒሳብ ስላዘነበለ በ1585 ዓ.ም. ዲግሪ ሳይቀበል ወጣ። በኋላም በዚያው ዩኒቨርሲቲ፥ ከ1592 ዓ.ም. ዠምሮ ደግሞ የቬኔሲያ ሪፑብሊክ ግዛት በነበረችው በፓዶቫ የሒሳብ መምህር ኾነ፤ በፓዶቫም 18 ዓመት አስተማረ።

በ1609 ዓ.ም. ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር በሆላንድ መሠራቱን ሰማ፤ እርሱም መስተዋቱን እየሞረደ ከዚያ የበለጠ ሠራ። የቬኔሲያንም መኳንንት ወደ ረዥም ግንብ አውጥቶ፥ ወደ ወደቡ የሚመጡትን መርከቦች በዓይን ከመታየታቸው 2 ሰዓት ያህል አስቀድሞ አሳያቸው። የቬኔሲያ ኑሮ በባሕር ንግድ የቆመ ነበርና መንግሥቱ ደመወዙን ወደ 1,000 ፍሎሪን ከፍ አደረገለት።

ጋሊሌኦ ግን መነጽሩን ወደ ሰማይ አዞረው። በጨረቃ ላይ ተራራና ሸለቆ አየ። በ1610 ዓ.ም. መዠመሪያ ጁፒተር በተባለችው ፕላኔት አጠገብ 4 ትናንሽ ከዋክብት አገኘ፤ ሌሊት ሌሊት ስፍራቸውን እየጻፈ ሲከታተልም እርስዋን የሚዞሩ መኾናቸውን ተረዳ። እስከዚያ ጊዜ ብዙዎቹ ሊቃውንት በሰማይ ያለው ኹሉ ምድርን ይዞራል ብለው ያስተምሩ ነበር። እነዚህ 4ቱ ግን ሌላ ይዞራሉ። ስለዚህ ኮፐርኒክ በ1543 ዓ.ም. ምድር ፀሐይን ትዞራለች ሲል ያሳተመውን አሳብ ጋሊሌኦ በግልጽ ይደግፍ ዠመር።

የሮማ ቤተ ክርስቲያን ሹማምንት በ1616 ዓ.ም. ከዚህ አሳብ እንዲርቅ አስጠነቀቁት። በ1632 ዓ.ም. ኹለቱን አሳቦች በክርክር መልክ የሚያመዛዝን መጽሐፍ ባሳተመ ጊዜ ወደ ሮማ ተጠራ። በሚከተለው ዓመት፥ በ69 ዓመት ዕድሜው፥ በዳኞች ፊት ተንበርክኮ የምድርን መዞር በመሐላ ካደ። መጽሐፉ ታገደ፤ እርሱም በፊሬንሴ አጠገብ በአርቼትሪ ከቤቱ እንዳይወጣ ተደረገ።

በግዞትም ሳለ ሥራውን አልተወም። ስለ አካላት ጥንካሬና እንቅስቃሴ የጻፈው መጽሐፍ በ1638 ዓ.ም. በሆላንድ በላይደን ከተማ ታተመ፤ በዚያን ጊዜ ግን ዓይኖቹ ጠፍተው ነበር። በ1642 ዓ.ም. ከግዞት ሳይፈታ ሞተ። ከ350 ዓመት በኋላ፥ በ1992 ዓ.ም.፥ የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ኹለተኛ ዳኞቹ መሳሳታቸውን በአደባባይ ገለጹ።

4ቱ የጁፒተር ጨረቃዎች ዛሬም በጋሊሌኦ ስም ይጠራሉ። መርከበኞች በሚይዙት ተራ መነጽርም፥ ሰማዩ ጥሩ በኾነ ሌሊት፥ ይታያሉ።