ባሕር ውስጥ የተነፈሰው ሰው፦ ዣክ ኢቭ ኩስቶ

በዛሬው የታዋቂ ሰዎች ዓምዳችን ይዘንላችሁ የቀረብነው የፈረንሳዊውን ጠላቂ የኩስቶን ታሪክ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኩስቶ በ1910 ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ። ምኞቱ የባሕር ኃይል አውሮፕላን ማብረር ነበር። በ1936 ግን በመኪና አደጋ ሁለት እጆቹ ተሰበሩና አብራሪነቱ ቀረ። እጁ እንዲጠነክርለት ባሕር ውስጥ ይዋኝ ጀመር። ጓደኛው የዋና መነጽር ሰጠው፤ አድርጎት ወደ ታች ሲያይ በዚያው ልቡ ባሕር ውስጥ ቀረ።

ችግሩ ትንፋሽ ነው። ያኔ አብዛኛው ጠላቂ የሚተነፍሰው ከላይ በተዘረጋ ቱቦ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ቤንዚን ጠፍቶ መኪና በጋዝ ይሄድ ስለነበር፣ ኤሚል ጋኛን የሚባል መሐንዲስ ለሞተር ጋዝ እየመጠነ የሚሰጥ ቫልቭ ሠርቶ ነበር። በ1943 ሁለቱ ሆነው ያንን ቫልቭ ለሰው ሳንባ አደረጉት፦ ስትስብ አየር ይሰጣል፣ ካልሳብክ ይዘጋል። መጀመሪያ ወንዝ ውስጥ ሲሞከር ቀጥ ብሎ ለቆመ ሰው አየሩ በከንቱ ያመልጥ፣ ለተዘቀዘቀ ደግሞ እምቢ ይል ነበር። ማስወጫውን ከማስገቢያው ጎን ሲያደርጉት ተስተካከለ።

ሥራው ግን ጨዋታ አልነበረም። በ1947 ጓደኛው ሞሪስ ፋርግ 120 ሜትር ጠልቆ ሕይወቱ አለፈ።

አሁን ወደ ጀልባዋ እንምጣ። ካሊፕሶ የምትባለው መርከብ ከእንጨት የተሠራች አሮጌ ፈንጂ ጠራጊ ነበረች፤ ቆይታም ማልታ ውስጥ ሰው ታመላልስ ነበር። በ1950 አንድ ሀብታም እንግሊዛዊ ገዝቶ በዓመት በ1 ፍራንክ ብቻ አከራየው! ኩስቶ አፍንጫዋ ላይ፣ ከውኃው በታች፣ መስኮት ያለው ክፍል አስገጠመ፤ ሰው በሆዱ ተኝቶ ዓሣ ያይበታል። ማዕበል እንዳያንገላታቸው ጠላቂዎቹ የሚወርዱበት ቀዳዳም በመርከቧ ሆድ ተከፈተ። ባለቤቱ ሲሞን ለወጪው ጌጣጌጧን ሸጠች። በኛ ግምት ከኩስቶ እኩል መመስገን ያለባት እሷ ናት።

በ1956 የወጣው ፊልማቸው ትልልቅ ሽልማት ቢያገኝም፣ እዚያ ውስጥ ሻርክ ሲገድሉና ኮራል በድማሚት ሲያፈነዱ ይታያል። ይሄ እኛን አላስደሰተንም። ኋላ ግን ራሱ ኩስቶ የባሕር ጠበቃ ሆኖ፣ በ1960 የኑክሌር ቆሻሻ ሜዲትራንያን ውስጥ እንዳይጣል ታግሏል።

ሐይቅም አልቀረውም። በ1968 ፔሩና ቦሊቪያ መካከል ወዳለው ቲቲካካ ሄደ። የጥንት ወርቅ ሲፈልጉ ያገኙት ግን ትልልቅ እንቁራሪት ነው! ሐይቁ 3,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። ጠላቂ ቶሎ ከወጣ፣ የለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው ደሙ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ ይብሳል። የኛው ለገዳዲ ግድብም ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። (ለገዳዲ የመጠጥ ውኃ ስለሆነ ማንም እንዳይሞክር!)

በ1979 ልጁ ፊሊፕ በአውሮፕላን አደጋ ሞተበት። በ1996 ካሊፕሶ ሲንጋፖር ወደብ ላይ ተገጭታ ሰጠመች። ኩስቶም በዓመቱ፣ በ1997፣ በ87 ዓመቱ አረፈ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።