በሌላ ሰው ጨዋታ ዝነኛ የሆነው ሳም ሎይድ

ካሳንቺስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ፣ ወይም ቂርቆስ አንድ ካፌ ገብታችሁ ማኪያቶ እስኪመጣ ድረስ ስልክ ላይ ቁጥሮችን ወደ ቦታቸው ስታንሸራትቱ ሰዓቱ እንዴት እንደሚሮጥ ታውቁታላችሁ። 4 በ4 ሰሌዳ፣ 15 ቁጥር፣ አንድ ባዶ ቦታ። በቃ ይሄው ነው።

ዛሬ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኘው ይህ ጌም ግን የተወለደው በእንጨት ነው። ፈጣሪውን ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚነገራችሁ ስም ሳም ሎይድ ነው። ሰውየው ግን አልፈጠረውም።

ሎይድ እ.ኤ.አ. በ1841 አሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ተወልዶ ኒውዮርክ አደገ። ገና በ14 ዓመቱ የቼዝ እንቆቅልሹ ታተመለት፤ ብዙም ሳይቆይ በአገሩ ከታወቁት የቼዝ እንቆቅልሽ አዘጋጆች አንዱ ሆነ። (በእኛ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ነው የሚወርሩት። እሱን ቢያይ ምን ያወጣበት ይሆን?) በ1896 ያወጣው ፐዝል ደግሞ እስካሁን ያስገርማል። ክብ ካርቶን ላይ 13 ተዋጊዎች ተስለዋል፤ ካርቶኑን ትንሽ ስታዞሩት 12 ይሆናሉ። አንዱ የት ገባ? ሰውየው የእውነት ጭንቅላት ነበረው። የሚያናድደውም ይሄ ነው፤ የሰው ሥራ አያስፈልገውም ነበር እኮ።

የ15 ቁጥሩ ጨዋታ መነሻ ኖይስ ቻፕማን የሚባል ሰው ነው፤ በኒውዮርክ ግዛት የካናስቶታ ከተማ ፖስታ ቤት ኃላፊ። በ1870ዎቹ ቁጥር የተጻፈባቸው የእንጨት ካሬዎች ሠርቶ ለወዳጆቹ ያሳይ ነበር። ጨዋታው ከእጅ ወደ እጅ ሄዶ ሃርትፎርድ ደረሰ፤ እዚያ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች እየሠሩ ሸጡት። በ1880 መጀመሪያ አሜሪካ አበደች ማለት ይቻላል፣ ቀጥሎም አውሮፓ።

ሕዝቡን ያሳበደው አንድ ጥያቄ ነው፤ ሁሉም ቁጥር በቦታው ሆኖ 14 እና 15 ብቻ ቢቀያየሩ እንዴት ይስተካከላሉ? ገንዘብ እሸልማለሁ ያለ የጥርስ ሐኪም ሁሉ ነበር። መልሱ፦ በፍጹም አይስተካከሉም። ባዶው ቦታ አንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ከአንድ ቁጥር ጋር ተቀያየረ ማለት ነው። ከማዕዘኑ ተነስቶ እዚያው ከተመለሰ ወደ ግራ የሄደውን ያህል ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ የወጣውን ያህል ወደ ታች ሄዷል። ስለዚህ የቅያሬው ብዛት ሁልጊዜ ለሁለት ይካፈላል፤ 2፣ 4፣ 6 እያለ። 14 እና 15ን ብቻ መቀያየር ግን አንድ ቅያሬ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። (ልጆቻችሁ የፕላስቲኩን ካሬዎች ነቃቅለው በዘፈቀደ ከሰኩት፣ የማይፈታ የመሆን ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስትታገሉ አታምሹ።)

ቻፕማን በ1880 የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ ተከለከለ። ከእሱ ቀደም ብሎ ለሌላ ሰው የተሰጠ ተመሳሳይ መብት ነበር።

ሎይድ ብቅ ያለው ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1891 ነው። ጨዋታው የኔ ነው አለ፤ እስኪሞትም ከዚህ ቃሉ ፈቀቅ አላለም። ለ14 እና 15ቱ ጥያቄ 1,000 ዶላር ሽልማት አቀረበ። የማይፈታ መሆኑን የሒሳብ ሰዎች በ1879 አረጋግጠው ስለነበር ብሩ ኪሱ ውስጥ እንደሚቀር ያውቃል። የፈጠራ መብት ለምን የለህም ለሚለውም ተረት አላጣም፤ መፍትሔ የሌለው ነገር ሠርቶ ማሳየት ስለማይቻል ቢሮው ከለከለኝ ይል ነበር። በእርግጥ ቢሮው ደጅ ቆሞ የተከለከለው ያ የፖስታ ቤት ሰው ነው።

ሎይድ በ1911 ሞተ። በ1914 ልጁ የአባቱን እንቆቅልሾች በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስቦ ሲያሳትም የ15 ቁጥሩም ታሪክ አብሮ ገባ፤ ዓለምም አመነው። ጄሪ ስሎከም እና ዲክ ሶነቬልድ የድሮ ጋዜጦችንና ሰነዶችን አገላብጠው የቻፕማንን ስም ወደ ቦታው የመለሱት በ2006 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። ሎይድ የይገባኛል ጥያቄውን ካነሳ 115 ዓመት አልፎ ነበር።